ዕቃው ተከብሮ እጁ ሲረሳ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ሰው ቤት ተጋብዤ ነበር። ሰውዬው ብዙ አገር የዞረ፣ ከየሄደበትም ጥንታዊ ዕቃ ሸምቶ መመለስ የሚወድ ነው። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ቀንድ ያበቀለ፣ አፉ እስከ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ ዐይኑና ጥርሱ በወርቅ ቀለም የተለበጠ የእንጨት ጭምብል ተሰቅሏል። «የጃፓን ሰይጣን ነው» አለኝ። ዕድሜውን ነገረኝ፤ ዋጋውን ነገረኝ፤ የገዛበትን ከተማ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም።

ጭምብሉ ግን ሰይጣን አይደለም፤ ሴት ናት። ጃፓኖች «ሐንያ» ይሏታል። ኖ በሚባለው ጥንታዊ ተውኔታቸው ውስጥ፣ የወደደችው ሰው የከዳት፣ ቅናትና ኀዘን ከሰውነት ተራ ያወጣት ሴት ፊት ናት። «አኦይ ኖ ኡዌ» በተባለው ተውኔት መንፈሷ ከሥጋዋ ተለይቶ የባላንጣዋን ሕይወት ሊቀጥፍ የሚመጣው የሮኩጆ እመቤት በመጨረሻ የምትገለጠው በዚህ ፊት ነው። ጭምብሉን የሚቀርጸው ባለሙያ አንድ ምስጢር ይጨምርበታል። ተዋናዩ ፊቱን ቀና ሲያደርግ ብርሃን አፉና ጥርሱ ላይ ያርፍና ጭምብሉ ይቆጣል፤ ዝቅ ሲያደርግ የግንባሩ ጥላ ዐይኑ ላይ ይወድቅና ያው ጭምብል ያለቅሳል። ተዋናዩ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት «የመስተዋት ክፍል» በሚባለው ስፍራ ይቀመጣል፤ ጭምብሉን በሁለት እጁ ይዞ እጅ ከነሣ በኋላ ነው ፊቱ ላይ የሚያደርገው።

በምስማር የተቸነከረ ጭምብል ግን ቀና ብሎ አይቆጣም፣ አቀርቅሮም አያለቅስም። ያ ሰው ገዛሁ ያለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። የገዛው እንጨትና ቀለም ነው። ሐንያን ግን አልገዛትም፤ እሷ ያለችው ኪዮቶና ቶኪዮ በሚገኙ መድረኮች ላይ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሠለጥኑ ባደጉ ተዋንያን አንገት እንቅስቃሴ ውስጥ ነው።

ሰውዬው ደግና እንግዳ አክባሪ በመሆኑ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። የምሟገተው እርሱን ካስተማረው አስተሳሰብ ጋር ነው። ስለ ጃፓን ጥንታዊ ባህል ለሀገር ጎብኚና ለዕቃ ሰብሳቢ ተብለው የሚዘጋጁትን መጻሕፍት የገለጠ ሁሉ ይህን አስተሳሰብ ያውቀዋል። ሰይፉ፣ የሻይ ጽዋው፣ የእንጨት ኅትመቱ፣ የሐር ልብሱ በተርታ ይደረደራሉ። እውነተኛው ከሐሰተኛው እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ዘመን ይበልጥ እንደሚወደድ፣ ዕቃው ሳይሰበር እንዴት እንደሚጓጓዝ ይዘረዘራል። «ይህን የሚሠራ ሰው ዛሬ አለ ወይ? ካለስ እንዴት ይኖራል? ለማንስ ያስተምራል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከስንት አንዴ ቢነሣ ነው። የእኔ አቋም አጭር ነው። ቅርስ ማለት በመጀመሪያ እጅ ነው፤ ዕቃው የእጁ ፍሬ ነው። ፍሬውን በወርቅ እየመዘነ እጁ ሲደርቅ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የባህል ወዳጅ ነኝ ሊል አይገባውም።

ለመሆኑ እነዚህ ዕቃዎች ወደ ገበያ የወጡት እንዴት ነው? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1868 የሜይጂ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ካወጣቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ የሺንቶን አማልክት ከቡድሃ ሃይማኖት የሚለይ ነበር። ትእዛዙ «ለዩ» እንጂ «አጥፉ» አላለም። ነገር ግን ከላይ «ለዩ» የተባለው ታች ሲደርስ «ስበሩ» ሆነ። በየአውራጃው ቤተ መቅደሶች ፈረሱ፣ ሐውልቶች ተሰባበሩ፣ ጥቅልል መጻሕፍት ተቃጠሉ። በጥንታዊቱ የናራ ከተማ የሚገኘው የኮፉኩጂ ገዳም መነኮሳት ልብሳቸውን ለውጠው የሺንቶ ካህናት ሆኑ፤ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው የገዳሙ ባለ አምስት ደርብ ግንብ ለሽያጭ ቀርቦ እንደነበር ይተረካል። በ1876 ደግሞ ሰይፍ ታጥቆ መሄድ በዐዋጅ ተከለከለ። ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበል የኖረው የሰይፍ አንጣሪ፣ የሰይፍ መያዣ ሠሪ፣ የሰገባ ቀቢ አንድ ላይ ሥራ ፈታ። ከፊሉ የማእድ ቤት ቢላዋ ወደ መሥራት፣ ከፊሉ ለውጭ ገበያ የሚሆን ጌጣጌጥ ወደ መሥራት ዞረ።

የጃፓን ባህላዊ ልብስ ኪስ የለውም። ስለዚህ ሰው የትምባሆ ከረጢቱንና የመድኃኒት ሣጥኑን በገመድ አስሮ ከመቀነቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ ገመዱ እንዳያመልጥ ከላይ የሚይዘው ከዝሆን ጥርስ ወይም ከእንጨት የተቀረጸ፣ በጣት ተይዞ የሚያልቅ ትንሽ ዕቃ ኔትሱኬ ይባላል። ሰዉ ባለኪስ ሱሪ መልበስ ሲጀምር ኔትሱኬ ሥራ አጣ። በአውሮፓ ሰብሳቢዎች መስኮት ውስጥ በብዛት መደርደር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ለዘመናት በሰው መዳፍ ሲሻሽ ጠርዙ የለሰለሰው ቅርጽ ዛሬ መዳፍ እንዳይነካው በመስተዋት ተሸፍኗል።

እንግዲህ በየአገሩ አሮጌውን ጠራርገን አዲሱን እንሠራለን ለሚሉ ወገኖች ሁሉ ጃፓን አንድ ትምህርት ትታለች። ቀድሞ መዶሻው ይመጣል፤ ቀጥሎ የነጋዴው ሚዛን ይመጣል። የገዛ ሹሞቹ «ኋላ ቀር ነው» ብለው የናቁትን ዕቃ ባዕድ በርካሽ ያነሣዋል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም የእነዚያው ሹሞች ልጆች ወደ ባዕድ አገር ሄደው የአባታቸውን ቅርስ ለማየት የመግቢያ ትኬት ይቆርጣሉ።

እዚህ ላይ የሰብሳቢዎቹ ጠበቃ ተነሥቶ ይሞግተኛል። «እነዚህን ሰዎች አትውቀስ፤ ባይገዙት ኖሮ ይቃጠል ነበር» ይለኛል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለምና በቅንነት ልመልስለት። ኤርነስት ፌኖሎሳ የተባለው አሜሪካዊ በ1878 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጣ። ጃፓኖች የራሳቸውን ሥዕል በናቁበት ሰዓት የእናንተ ጥበብ ታላቅ ነው ብሎ በአደባባይ ተከራከረ። በ1884 ከተማሪው ከኦካኩራ ካኩዞ ጋር ሆርዩጂ ገዳም ገብቶ፣ ለዘመናት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሰው ያላየውን የካኖን ሐውልት አስገለጠ። በ1897 ለወጣው የጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ጥበቃ ሕግ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች መካከል ነው። ውለታውን የሚክድ ሰው ታሪክን የሚክድ ነው።

ነገር ግን ያው ሰው የግሉን ስብስብ በ1886 ለአንድ የቦስተን ሀብታም ሸጦታል። በ13ኛው መቶ ዓመት የተሣለው፣ የሳንጆ ቤተ መንግሥት በሌሊት ሲቃጠል የሚያሳየው ታላቅ ጥቅልል ዛሬ የሚገኘው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አንድ እጅ አዳነ፤ አንድ እጅ አሻገረ። በ1932 ያው ሙዚየም የሚኒስትር ኪቢን የቻይና ጉዞ የሚያሳይ ሌላ ጥንታዊ ጥቅልል ገዛ። ወሬው ቶኪዮ ሲደርስ አገሩ ተደናገጠ፤ በ1933 ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ለጠበቃው የምሰጠው መልስ እንግዲህ እንዲህ ነው። ዕቃን ከእሳት ማውጣት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከእሳት የወጣ ሕፃን ወደ እናቱ ይመለሳል እንጂ ላወጣው ሰው ንብረት አይሆንም። ደግሞም የዳነው ጥቅልሉ ነው እንጂ ጥቅልሉን የሣለው ጥበብ አይደለም። ወረቀቱን ከቅርፊት የሚሠራው፣ ቀለሙን ከድንጋይ የሚፈጨው፣ ብሩሹን የሚያስረው ሰው ማንም ገዥ መርከብ ላይ አልጫነውም። እርሱ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ቀረ።

ዋጋ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» እንውሰድ። በ1831 ገደማ የታተመው ይህ ሥዕል ለተራ ከተሜ የተሠራ ነው፤ ሲሸጥም ዋጋው በሕዝብ ምግብ ቤት ከሚቀርብ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳህን ሾርባ እንደማይበልጥ ይነገራል። የእጅ ባለሙያውና ባለ ሱቁ ገዝቶ ከቤቱ ሊለጥፈው የሚችል ጥበብ ነበር። በመጋቢት 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ በሐራጅ 2.76 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ማዕበሉ ያው ማዕበል ነው፤ ወረቀቱም ያው ወረቀት ነው። ለሠፊው ሕዝብ የተሠራው ጥበብ ወደ ከበርቴው ካዝና መግባቱ ብቻ ነው የተለየው። ሆኩሳይ ዕድሜውን ሙሉ ከችግር ጋር ሲታገል ኖሮ በ1849 አረፈ። ሥዕሉን በእንጨት ላይ የቀረጸው ሰው፣ ቀለሙን እየቀባ ያተመው ሰው ግን ስማቸው እንኳ በኅትመቱ ላይ የለም። ያለ እነርሱ እጅ ግን ያ የማዕበል ጥፍር ባልተሳለም ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ጃፓንን የተበዳይ ብቻ አድርጌ መሣሌ አይደለም። ጃፓንም በተራዋ ሰብሳቢ ነበረች፤ የሰበሰበችው ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ነው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ድረስ ኮሪያን ሲወጋ ሹማምንቱ የኮሪያ ሸክላ ሠሪዎችን እየማረኩ ወደ ጃፓን አጋዙ። ጦርነቱን «የሸክላ ጦርነት» የሚሉት ለዚህ ነው። የአሪታ ነጭ ሸክላ፣ የሳትሱማ ሸክላ፣ የሐጊ ጽዋ፣ ዛሬ «የጃፓን ጥንታዊ ሸክላ» እየተባለ ጎብኚ የሚሻማበት ሁሉ ሥሩ ከእነዚያ ምርኮኞች እጅ ይመዘዛል። ሻጩ ይህን ታሪክ ከዋጋው ወረቀት ላይ አይጽፈውም።

በኪዮቶ ዳይቶኩጂ ገዳም ውስጥ ኪዛኤሞን የምትባል አንዲት ጽዋ አለች። በጃፓን ብሔራዊ ሀብትነት ተመዝግባለች፤ የሻይ ሥርዐት አዋቂዎች ከሁሉም አስበልጠው ያከብሯታል። ጽዋዋ ግን የኮሪያ ሥራ ናት። የጃፓን የሕዝብ ዕደ ጥበብ ንቅናቄ አባት የሆነው ያናጊ ሶኤትሱ እንዳመነው፣ ስሙ የማይታወቅ ድኻ ሸክላ ሠሪ ለድኻ ማእድ፣ ለዕለት ሩዝ የሠራት ዕቃ ናት። የሠራት ሰው ውብ ላድርጋት ብሎ አልተጨነቀም፤ እጁ በሺህ ጽዋ ላይ የተገራ ስለሆነ ውበቱ ሳይጠሩት መጣ። ያናጊ ይህን ያስተዋለው የኮሪያን ሕዝብ ስለወደደ ጭምር ነው። አገሩ ኮሪያን በቅኝ ግዛት በያዘችበት ዘመን፣ በ1922፣ የሴኡል ቤተ መንግሥት ታላቅ በር እንዳይፈርስ በጽሑፍ ተከራክሯል። ዕቃውን ያደነቀ ሰው ለሠሪው ሕዝብም መሟገት እንዳለበት በተግባር ያሳየ እርሱ ነው። የሰብሳቢነት ሚዛኑ ይህ ቢሆን እኔም ብዕሬን ባላነሣሁ።

ንቀቱም ቢሆን ከጃፓን ቤት ያልወጣ ነው። በ1378 አንድ የኪዮቶ መኳንንት ሾጉኑ ከአንድ ወጣት ተዋናይ ጋር አብሮ መቀመጡን አይቶ፣ ይህን የለማኞች ሥራ ነው ሲል በዕለት ማስታወሻው ላይ አማረረ። ያ ወጣት የኖን ተውኔት ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዜአሚ ነበር። በታላላቅ ክብረ በዓላት የሚመታው ከበሮም እንዲሁ ነው። ቆዳውን የሚፍቁትና የሚወጥሩት ሰዎች ከኅብረተሰቡ ተገልለው፣ በ1871 በዐዋጅ ነጻ ናችሁ እስኪባሉ ድረስ እንደ ርኩስ ሲቆጠሩ ኖሩ፤ ከዚያም ወዲህ ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ከበሮው ቤተ መቅደስ ይገባል፤ ከበሮ ሠሪው ከመንደር ውጭ ያድራል።

ታዲያ ጃፓን ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘችም ወይ? አግኝታለች፤ ልንማርበት የሚገባውም ይኸው ነው። የኢሴን ታላቅ መቅደስ የሚጎበኝ መንገደኛ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት መልስ ይሰጠዋል። ሥርዐቱ ከ690 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ሕንጻው ግን በ2013 የተሠራ ነው። መቅደሱ በየሃያ ዓመቱ ፈርሶ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደገና ይታነጻል፤ በመካከለኛው ዘመን በጦርነት ምክንያት ከመቶ ዓመት በላይ ከመቋረጡ በቀር ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የ2013ቱ 62ኛው ነው፤ የሚቀጥለው በ2033 ይጠበቃል። ከሕንጻው ጋርም ሰይፉ፣ ልብሱ፣ መስተዋቱ፣ ኮርቻው ሁሉ፣ ከ1,500 የሚበልጥ ንዋየ ቅድሳት፣ እንደ አዲስ ይሠራል። ሃያ ዓመት ማለት ወጣቱ አናጢ ረዳት ሆኖ የሚማርበት፣ በሚቀጥለው ዙር አለቃ ሆኖ የሚሠራበት፣ ከዚያም ሽማግሌ ሆኖ የሚያስተምርበት ልክ ነው። ዕቃ ሰብሳቢ እዚህ ቢመጣ የሚሸምተው አሮጌ ነገር አያገኝም። በኢሴ አሮጌው እንጨቱ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው።

ይህ ሐሳብ በሕግም ተጽፏል። በጥር 1949 የሆርዩጂ ገዳም የጥንት የግድግዳ ሥዕሎች በእሳት ተበሉ። ከዚያ ድንጋጤ የተነሣ በ1950 የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ ወጣ። የሕጉ አዲስነት ሕንጻና ሐውልት ብቻ ሳይሆን በእጅ የማይጨበጠውን፣ ማለትም ሙያውንና ትርኢቱን፣ የባህል ሀብት ብሎ መቀበሉ ነው። ሕጉ በ1954 ተሻሽሎ በ1955 ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» የሚላቸው የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ተሰየሙ፤ ሸክላ ሠሪው ሐማዳ ሾጂ ከእነርሱ አንዱ ነው። ለተሰየመው ባለሙያ ሙያውን ለተተኪ እንዲያስተላልፍ መንግሥት በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጠዋል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በልና አስላ። ለሞተ ሰው አንድ ኅትመት በአንድ ቀን የተከፈለው 2.76 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሕያው እጅ በዓመት የሚሰጠው 2 ሚሊዮን የን!

ሕጉም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። የሐማዳ ወዳጅ የነበረው ታላቁ ሸክላ ሠሪ ካዋይ ካንጂሮ ይህን ማዕረግ አልቀበልም ብሏል። ጥቂቱ ሲሰየም ስም የለሹ ብዙው ይረሳል። የተሰየመው ሰው ዕቃም ወዲያው ዋጋው ይንርና እንደገና ሰብሳቢው እጅ ይወድቃል። ቢሆንም መንገዱ ትክክል ነው፤ ከዕቃው ወደ ሰው ይሄዳልና።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ የዋጂማን ከተማ ያስብ። ዋጂማ በኖቶ ምድር የምትገኝ፣ ኡሩሺ በሚባለው የዛፍ ደም ዕቃ በመለበጥ የታወቀች ከተማ ናት። አንድ የኡሩሺ ዛፍ ለመድማት ከ10 እስከ 15 ዓመት ያህል ማደግ ይኖርበታል፤ የሚሰጠውም 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሳህን ከእንጨት ጠራቢው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀቢ ድረስ በብዙ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። ጥር 1 ቀን 2024 የመሬት መንቀጥቀጥ ኖቶን መታ። የዋጂማ ጥንታዊ የገበያ መንደር በእሳት ወደመ፤ ወርክሾፖች ፈረሱ፤ ባለሙያዎች ወደ መጠለያ ተሰደዱ። በዓለም ሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች ሣጥን ያሉት የዋጂማ ሳህኖች ግን አንዱም አልተጫረም። ዕቃ ሰብሳቢነት ባህልን ያድናል የሚለው ክርክር የተፈተነው በዚያች ቀን ነው። ዕቃው ሁሉ በደኅና ተቀምጦ ባህሉ ከፍርስራሽ በታች ሊቀር እንደሚችል ታየ። ባህሉን ከፍርስራሹ ሊያወጣው የሚችለው የቀቢው እጅ ብቻ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ የሚሠራበት ጣራና ሥራውን የሚገዛው ሰው ይፈልጋል።

ወደ ጎብኚው ልመለስ። በ2024 ጃፓንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ከ36 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በኪዮቶ የጊዮን ሠፈር ለዓመታት የሠለጠኑ የዘፈንና የጭፈራ ባለሙያዎች ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ጎብኚው በካሜራ እያሳደደ፣ እጅጌያቸውን እየጎተተ ቢያስቸግር ነዋሪዎች በ2024 የግል መንገዶቻቸውን ለጎብኚ ዘጉ። ያ ጎብኚ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሴትዮዋን እንደ ኔትሱኬ እንዲያያት ስላስተማሩት ነው፤ ዕቃ ደግሞ «አትንካኝ» አይልም።

ይህን ያልኩት ማንም ጃፓን አይሂድ፣ ማንም ዕቃ አይግዛ ለማለት አይደለም። ገዥ ያጣ እጅ ይሞታልና መግዛት ራሱ ውለታ ሊሆን ይችላል። ነገሩ አገዛዙ ላይ ነው። የመቶ ዓመት ሳህን ከነጋዴ ከመግዛት ዛሬ የተለበጠውን ከለበጠው ሰው ይገዛ። የሐንያን ጭምብል ለግድግዳ ከመፈለግ አንድ ምሽት ኖ ቤት ገብቶ፣ ባይገባው እንኳ ታግሦ፣ ጭምብሏ ስታለቅስ ይመልከት። ጽዋ ሲያነሣ ሥሩን ገልብጦ ዘመኑን ከመፈለጉ በፊት «የሠሪው ደቀ መዝሙር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በየገበያው መነሣት ቢጀምር ብዙ የተዘጋ በር ይከፈታል።

ጃፓን ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው በማግሥቱ ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። የ1931ዱም ሕገ መንግሥት አብነቱ የ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ከጃፓን ኢንዱስትሪውን፣ ሠራዊቱን፣ ሕጉን ሊወስዱ ተመኙ። ጃፓን ራሷ ገና ልትማረው ስትጣጣር የነበረውን፣ የእጅ ባለሙያን ማክበርን፣ ግን ማንም በሻንጣው ይዞ አልተመለሰም። እኛስ ብንሆን በሸክላዋ ጠጥተን ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ያልን፣ በማረሻው አርሰን ቀጥቃጩን ጠይብ ብለን ያራቅን አይደለንም ወይ? ባለእጅን መስደብ እንዲቀር ዐፄ ምኒልክ በ1908 በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው? በጥበብ ቀሚስ ያጌጠ ሰው ሁሉ የሸማኔውን ስም ይጠይቅ እንደሆነ እያንዳንዱ ለራሱ ይመልስ።

ስለዚህ ይህችን መጽሔት ለሚያነቡ ሦስት ወገኖች አንዳንድ ቃል ልተው። ካድሬ ሆይ፣ ከላይ «ለዩ» ተብሎ የወረደ ቃል ታች ሲደርስ «ስበሩ» እንዳይሆን በመካከል ያለኸው አንተ ነህ። መምህር ሆይ፣ ተማሪዎችህን ሙዚየም ስትወስድ መልካም ሠርተሃል፤ በማግሥቱ ደግሞ ወርክሾፕ ውሰዳቸው፤ ዕቃውን በመስተዋት ውስጥ ያየ ልጅ እጁንም በሥራ ላይ ይየው። የኪነ ጥበብ ሰው ሆይ፣ ሥራህ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደስ ይበልህ፤ ነገር ግን ተማሪ ሳትተው እንዳትሰቀል ተጠንቀቅ።

ያን ምሽት ከባለ ጭምብሉ ቤት ከመውጣቴ በፊት ጋባዤን አንድ ነገር ለመንኩት። ጭምብሉን ከምስማሩ አውርጄ በሁለት እጄ ያዝኩና ከመብራቱ በታች ቀስ ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ጥላው ግንባሩን ተሻግሮ ዐይኑ ላይ ወደቀ። ሰውዬው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ታለቅሳለች እኮ» አለኝ። ዐሥር ዓመት በቤቱ ኖራ ሴት መሆኗን ያወቀው ያን ዕለት ነው።